መጋቤ ጠላ አያ ባዬ

አገር ሲቀና መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይተከላል፤ ቀጥሎ ገበያ ይቆማል፤ ሦስተኛ ጠላ ነቃፊ ይበቅላል። ያለ እሱ ሠርግ አይሞቅም፣ ተዝካር አይወጣም። ፍኖተ ሰላም ላይ ይህን ሹመት የያዙት መጋቤ ጠላ አያ ባዬ ናቸው።

አያ ባዬ ጠላ እንደ ሰው ዝም ብለው አይጠጡም። ጣሳውን ወደ ብርሃን ያዘነብላሉ፣ ያሸታሉ፣ አንድ ጉንጭ ይዘው ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ቤቱ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። "ይጠጣል" ይላሉ በመጨረሻ፤ "ግን..."

ከዚያች "ግን" ያመለጠች ጠማቂ ከቡሬ እስከ ሽንዲ የለችም። የአንዷ ብቅል በወጉ አልበቀለም፤ የሌላዋ ጋን በወይራ አልታጠነም። አንዷን የሙሽራ እናትማ "ጋኑን ያጠብሽው በእንባሽ ነው?" ብለው በእውነት አስለቅሰዋታል።

ቢራ ግን አይነቅፉም። አንድ ጊዜ ጠርሙስ ቢቀርብላቸው ቀመስ አድርገው አስቀመጡት። "እንዴት ነው?" ሲባሉ፣ "አንዱን የቀመሰ ሁሉንም ቀመሰ። ማንን ልውቀስበት?" አሉ።

ጎረቤታቸው ጌታሁን ዩኒቨርሲቲ የተማረ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። አያ ባዬን አንድ ነገር ይቅር ሊላቸው አልቻለም፦ ሚስቱን እህተ ማርያምን በየበዓሉ "ጌሾው በዝቷል" ሳይሏት ከቤቱ ወጥተው አያውቁም። አምና ሞተች።

ሙት ዓመቷ ሲደርስ ጌታሁን፣ "ቢራ ይቅረብ፤ ልጄ አትዋረድብኝ" አለ።

"የእማዬ ተዝካር በጠርሙስ አይወጣም" አለች ልጁ ሕሊና። ከእናቷ ጎን ቆማ ባየችው ጠመቀች። እንኩሮው ሲታመስ አረረባት። ጌታሁን ጠላውን ቀድሞ ቀመሰው። የሚስቱ እጅ አብሯት መቀበሩን ያን ጊዜ አመነ።

በዕለቱ ሕሊና እንደ ወጉ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ለአያ ባዬ ቀዳች። አሸተቱ፤ ተጎነጩ፤ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

"ግሩም ነው። እንከን የለውም።"

እንግዳው እርስ በርስ ተያየ። "አያ ባዬን አሟቸዋል እንዴ?" አለ አንዱ። ጌታሁን አንገቱን ደፋ። እንዲህ ያለ ምስጋና ለድሀ አደግ ነው የሚመጸወተው።

ሕሊናም ገባት። ጆጉን እንደያዘች ከፊታቸው አልነቃነቅ አለች።

"አያ ባዬ፣ እማዬን ምን ነበር የሚሏት?"

"ጌሾው በዝቷል ነበር የምላት።"

"በዝቶ ነበር?"

"ኧረ የት በዝቶ! ልክ ነበር። እንዲያ ስላት ትቆጣለች፤ 'ደግመው ይቅመሱና ይፍረዱ' ብላ እስከ አፉ ትሞላልኛለች። ያመሰገነ ሰው በአንድ ጣሳ ይሸኛል፣ ልጄ።"

"የእኔስ?"

አያ ባዬ ጣሳውን አዩ፣ ጌታሁንን አዩ።

"እንኩሮው አሯል" አሉ ቀስ ብለው። "ብቅሉም ቸኩሏል። ጌሾውማ... ጌሾውማ በዝቷል።"

"ደግመው ይቅመሱና ይፍረዱ" አለች ሕሊና። እንባዋ እየወረደ እስከ አፉ ሞላችላቸው።

አያ ባዬ ያን ያረረ ጠላ እስከ አተላው ጨለጡት። ጌታሁን እንደ ሌላው እንግዳ ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ ራሱን አገኘው። እሳቸውም አፋቸውን ጠርገው ባዶውን ጣሳ ዘረጉ።

"ይጠጣል" አሉ። "ግን..."