የኪልቫራ ገዳም ቁልፍ የተማረከበት ዜና

ፊንታን ጌራቲ ከፖስታ ማደል ሥራ በጡረታ በተሰናበቱ በሦስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ዝናም፣ በምዕራብ አየርላንድ ሌላ ዘመን የለምና፣ በወርኃ ነሐሴ በዕለተ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ይህ ነገር ሆነ።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነበር። በኪልቫራ በፈረሰው ገዳም፣ በምሥራቁ መስኮት ሥር፣ የአንድ ጥንታዊ አበምኔት ምስል በድንጋይ ተቀርጾ ይኖራል። ፊንታንም፣ የቀይዋ መኪና ጌታ፣ ውሻ የማይበግራቸው መልእክት አድራሽ፣ የአበምኔቱ አፍንጫ የጌራቲዎች አፍንጫ ነው፣ ገዳሙንም ያነጹ አባቶቼ ናቸው እያሉ በሠርግም በለቅሶም ሲናገሩ ኖሩ፤ ምስሉን ግን ያዩት በሕፃንነታቸው፣ በአባታቸው ትከሻ ላይ ተቀምጠው ነበር። የባለቤታቸው ወንድም ማላኪ፣ ከብት ነጋዴው፣ አንደበተ ስለቱ፣ የፊንታን ልጅ ልትዳር ስድስት ቀን ሲቀራት በምሳ ገበታ ላይ አዋጅ ነገረ፦

«መነኩሴ ከመቼ ወዲህ ነው ዘር የሚተካው? ዛሬ አፍንጫውን አሳየኝ። ካላሳየኸኝ ቅዳሜ በሠርጉ ላይ ስለ ገዳም ትንፍሽ እንዳትል።»

ፊንታንም ደነገጡ፤ የሙሽራዪቱ አባት እንደ መሆናቸው ንግግር ማድረግ ግድ ነበረባቸው፣ ከዚህ ነገር በቀር ደግሞ ሌላ ንግግር አልነበራቸውም።

ስለዚህ ተነሡ። በፊት መሪውን የጨበጡ ራሳቸው ፊንታን፣ በግራ ክንፍ የካርታና የብስኩት ኃላፊ ወይዘሮ አሳምፕታ ባለቤታቸው፣ በኋላ መቀመጫ ማላኪ፣ በደጀንነትም ብራን የተባለው፣ ላምን የሚፈራው ውሻ፤ በነጋሪትም ፈንታ የመኪናዪቱን ጥሩምባ በየመታጠፊያው እያስጮኹ፣ በጠባቡ መንገድ በግ ሲያጋጥማቸው እየቆሙ፣ በጉ ሲፈቅድላቸው እየተጓዙ፣ ከኪልቫራ ደረሱ። የገዳሙ በር ግን ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤት ይገኛል የሚል ሰሌዳም ተሰቅሎበት ነበር።

የዚያ አገር ሕግ እንዲህ ነው፦ የተጋበዘ ሰው የመጀመሪያውን ግብዣ አይሆንም ይላል፣ ሁለተኛውንም አይሆንም ይላል፣ በሦስተኛው እየተግደረደረ ይቀበላል፤ ጋባዡም ይህን ያውቃልና ሳይሰለች ይለምናል። ነገር ግን የቀድሞዋ ባለ ቁልፍ ቤቱን ሸጠው ወደ ልጃቸው ሄደው ነበር፤ በስፍራቸውም ማሬይከ የምትባል የኔዘርላንድ ሴት፣ ቀና፣ ፈጣን፣ ቃልን እንደ ተነገረ የምትቀበል፣ ተተክታ ነበር። በሩን ከፍታ ቁልፉን ትፈልጋላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። ፊንታንም እንደ አባቶቻቸው ሥርዓት፣ ኧረ አይገባም፣ አትቸገሪ፣ በዚህ ስናልፍ ነው አሉ። ሻይስ ብትል፣ የለም የለም፣ አሁን ጠጥተን ነው የወጣነው አሉ። እርስዋም መልካም ቀን ብላ በሩን ዘጋች።

ሠራዊቱም ወደ መኪናዪቱ አፈገፈገ፤ ዝናሙም በረታ። በዚያን ጊዜ ማላኪ ከኋላ ሆኖ፣ «ስትግደረደር ጦምህን አደርክ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ ብስኩት አነሣ፤ ወይዘሮ አሳምፕታ ግን ፊታቸውን ከመኪናዪቱ የፊት መስተዋት ሳይመልሱ አዋጅ ነገሩ፦

«ፊንታን፣ ተመለስና አዎ በል። አንዲት ቃል ናት፣ አትገድልህም።»

ፊንታንም ብቻቸውን ወጡ፤ ዝናሙ እየመታቸው፣ ጆሮአቸው እየቀላ፣ ምላሳቸው ወደ ለመደው ወደ አይሆንም እየጎተታቸው፣ በሩን አንኳኩ። ማሬይከም ብቅ ባለች ጊዜ፣ ከጌራቲ ወገን ማንም ሦስት ጊዜ ሳይለመን ያላደረገውን አደረጉ፤ «አዎ፣ ቁልፉን እፈልጋለሁ» አሉ። እርስዋም ሰጠቻቸውና፣ ታዲያ ቅድም ለምን አልወሰዱትም ብላ ጠየቀች፤ ይህንም ጥያቄ በዚያ አገር የመለሰ ከቶ አልተገኘም።

በሩም ተከፈተ። ጣሪያ በሌለው መቅደስ፣ ሣር በበቀለበት ወለል አልፈው፣ ከምሥራቁ መስኮት ሥር ቆሙ፤ እነሆም አበምኔቱ ነበረ፣ አፍንጫው ግን አልነበረም፤ ዝናምና ዘመን በልተውት ነበርና። ማላኪ ሳቀ፤ ፊንታንም ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ የቅዳሜ ንግግራቸው እንደ አፍንጫው ሲጠፋ አዩ። ወይዘሮ አሳምፕታ ግን መሐረባቸውን አውጥተው የድንጋይ ሽበቱን ከምስሉ ላይ ጠረጉ፤ ከሽበቱም በታች ለቡራኬ የተነሣ እጅ ወጣ፣ መዳፉ ወደ ፊት የዞረ፤ የአበምኔቱም ከንፈር የተገጠመ፣ አንገቱ በትሕትና ያዘነበለ ነበር። እርሳቸውም የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩ፦

«ማላኪ፣ አፍንጫውን ተወውና እጁን እይ። ሻይ ቀርቦለት፣ ጥማት እየገደለው፣ ኧረ አይገባም የሚል ሰው ነው። እኔ እኮ አግብቼዋለሁ።»

ማላኪም ድንጋዩን አየ፣ ፊንታንን አየ፣ ዳግመኛ ድንጋዩን አየ፤ ባርኔጣውንም አውልቆ፣ «ይሄማ ጌራቲ ነው» አለ።

ቁልፉን በመለሱ ጊዜ ማሬይከ ሻይ ትጠጣላችሁ ወይ አለች። የፊንታን ቀኝ እጅ መዳፉን ወደ ፊት አዙሮ መነሣት ጀመረ፤ ሠራዊቱ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ፤ እጁም በመንገድ ላይ ሳለ ዞሮ የበሩን መቃን ያዘ፣ የእጁም ባለቤት ፊንታን ጫማቸውን ጠርገው ገቡ።

ክብር ለፊንታን ጌራቲ፣ እምቢ ከሚል ዘር ተወልደው እሺ ላሉ፣ በዝናም ውስጥ በአንዲት ቃል ደጅ ላስከፈቱ፣ በሠርጉም ቀን እጃቸውን እንደ አበምኔቱ አንሥተው ተናግረው ጉባኤውን በእንባና በሳቅ ለሞሉ፤ ድንጋዩ እስኪያልቅ፣ ዝናሙም እስኪያባራ ድረስ፣ ይኸውም ለዘለዓለም ማለት ነው።