ክቡር ተቃዋሚና የትልቋ እናት እጅ

ሰፈር ሁሉ አንድ ተቃዋሚ አለው። መብራት የሌለው ሰፈር ይኖራል፤ ውኃ የማይደርሰው ሰፈርም ሞልቷል፤ ተቃዋሚ የሌለው ሰፈር ግን እስካሁን አልተገኘም። ቢገኝ እንኳ አንዱ ከመካከል ብድግ ብሎ «ይሄማ እንዴት ይሆናል?» ማለቱና ጉድለቱ እዚያው መሟላቱ አይቀርም።

በዚህ ሰፈር ሹመቱን የያዙት ጡረታ የወጡ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ትኬት ሲበሱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ መብሻውን ለመሥሪያ ቤቱ መለሱ እንጂ መብሳቱን አልተዉም። ሰፈርተኛው ፊት ለፊት «ጋሼ» ይላቸዋል፤ ዞር ሲሉ ደግሞ «ክቡር ተቃዋሚ»። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። አልተቃወሙትም፤ በሕይወታቸው ያልተቃወሙት ነገር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አዲስ የአውቶቡስ ፌርማታ ሲተከል «መንገድ ዘጋ» ብለው ተቃወሙ፤ ሲነሣ «ሕዝብ ፀሐይ ላይ ተጣለ» ብለው ተቃወሙ። ፋርማሲስቷ የደም ግፊታቸውን ለክታ «ደኅና ነዎት ጋሼ» ብትላቸው «በምን አወቅሽ?» ብለው ተከራክረው ተከራክረው፣ በመጨረሻ ግፊቱን ራሳቸው ከፍ አድርገውት ወጡ። ሬዲዮ «ነገ ይዘንባል» ካለ ጃንጥላቸውን ቤት ትተው የሚወጡት ረስተው አይደለም። በስብሰው ሲመለሱም፣ ውኃው ከአፍንጫቸው ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ «ይሄ ዝናብ አይባልም» ይላሉ።

የሚጀምሩት ሁልጊዜ «እኔ በበኩሌ አልተዋጠልኝም!» ብለው ነው። የሚጨርሱት «ይመዝገብልኝ!» ብለው ነው። መዝጋቢ ኖሮ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ወዶም ሳይወድም የሚያዳምጠው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፤ አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ አንድ አግዳሚ፣ ፊት ለፊት ግድግዳውን የሞላ መስታወት። ቴሌቪዥኑ የተሰቀለው ከወንበሩ በስተጀርባ፣ ከበሩ በላይ ነው። አግዳሚው ላይ ያለ ሰው አንገቱን ጠምዘዝ አድርጎ በቀጥታ ያያል፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ግን በመስታወት ነው የሚያየው። ፀጉር አስተካካዩም እንደዚያው፤ የሥራው ነገር ሆኖ ዓለምን የሚያውቃት በመስታወት ነው። ወንበሩ ደግሞ ይላጩም አይላጩም የክቡር ተቃዋሚ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ይነሣሉ፤ ይነሡና ደንበኛው እንዴት መቆረጥ እንዳለበት ቆመው ያስረዳሉ።

ዓለም አቀፉ የስፖርት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያች ከተማ ሊካሄድ ሆነና፣ በመክፈቻው ዕለት ፀጉር ቤቱ ጢም አለ፤ የሰፈሩ ባለ ሱቅና አንድ የታክሲ ሹፌር ሳይቀሩ አግዳሚው ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል። የፀጉር አስተካካዩ ባለቤት አልነበረችም። ሥራዋ ድንኳን መስፋት ነው፤ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ለዝግጅቱ አንድ ነገር ሲሠሩ ከርመዋል። ምን እንደሆነ በጠየቃት ቁጥር መልሷ «ሸራ» ብቻ ነው። «ሸራ ምን?» ሲላት «እንዳንናገር አስምለውናል፤ እራትህን ብላ» ትለው ነበር።

ክቡርነታቸው አንገታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሮ፣ ፊታቸው በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ፣ መነጽራቸው መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ በወንበራቸው ተሰይመዋል። ቴሌቪዥኑ ላይ ሜዳው ጨለመ። መብራቱ ሲመለስ ከሸራና ከሽቦ የተሠራች፣ ፎቅ የምታህል እናት መሐል ሜዳ ቆማለች። ሽርጥ ታጥቃለች፤ መጥረጊያ ይዛለች። ገመድ የሚጎትቱ ሰዎች ከሥሯ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ጠረገች፤ ቀና አለች፤ ወገቧን ያዝ አደረገች። ከዚያ መጥረጊያውን በአንድ እጇ ይዛ ሌላውን እጇን ለእንግዶቹ ዘረጋች። የየአገሩ ስፖርተኞች በዚያ በተዘረጋ እጅ ሥር እያለፉ መግባት ጀመሩ።

ባለ ሱቁ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«እኔ በበኩሌ አልተዋጠልኝም!» አለ ከአረፋው ውስጥ የወጣ ድምፅ።

«ደግሞ ምኑ ጋሼ?» አለ የታክሲ ሹፌሩ። «አገር ጠርጋ እንግዳ ተቀበለች፤ ሌላ ምን ታድርግልዎ?»

«መቀበሏን መች ጠላሁ! እንግዳ በግራ እጅ ይቀበላሉ? ያውም ዓለም እያየ? እናትህ ቤቷ የመጣን ሰው ግራዋን ትዘረጋለታለች?»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ቀና ብሎ መስታወቱን አየ። «ውይ፣ እውነትም ግራ ነው!» አለ።

አግዳሚው ላይ የነበሩት ዓይናቸው ስፖርተኞቹ ላይ ነበር፤ እጁን ልብ ያለው የለም። ሁለት ሰው ግራ ነው ካለ በኋላ ግን «እኔ ልብ አላልኩም» ማለት የሞኝ ነገር ነው። «እኔማ ገና ስትዘረጋ ነው ያወቅኩት» አለ ሹፌሩ። ባለ ሱቁም እንባው ሳይደርቅ «ቀልደውብናል» አለ።

«ይመዝገብልኝ!» አሉ ክቡርነታቸው።

ይህኛው ተመዘገበ። ሹፌሩ ለተሳፋሪዎቹ አወራ፤ ተሳፋሪዎቹ ለየመሥሪያ ቤታቸው። ጠዋት በሬዲዮ ሕዝቡ አስተያየቱን ይሰጥ ነበር። አንዷ «እናታችንን መጥረጊያ አስይዘው ዓለም ፊት አዋረዷት» ብላ ተቆጣች። ሌላው «ከእናት ሌላ ማን ጠርጎልን ያውቃል? እኔን አስለቅሳኛለች» አለ። አንዱ ደግሞ «አማቴን ቁርጥ ናት፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም» ብሎ ካሳ ጠየቀ። ከዚያ የግራ እጁ ነገር ደረሰ። ስለ መጥረጊያው ሲጣሉ ያደሩት በግራ እጁ ታረቁ። ያየውም ያላየውም «በዓይኔ በብረቱ!» እያለ ይምል ጀመር።

ከመክፈቻው በሁለተኛው ቀን ጠዋት ባለቤቱ እዚያው ሜዳው አድራ ቤት ስትገባ ፀጉር አስተካካዩ ሻይ እየጠጣ ነበር። የለበሰችው ካኒቴራ ላይ የትልቋ እናት ሥዕል አለ። ሸራው ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባው።

«ያቺን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ እንዴ?» አለ ደስ ብሎት። ወዲያው ደግሞ ፊቱ ቅጭም አለ። «እና ያን ግራ እጇን ማን ነው የዘረጋው?»

«የቱን ግራ? ግራዋማ መጥረጊያ ይዟል። የዘረጋችው ቀኟን ነው።»

«እኔ በዓይኔ አየሁት እኮ!»

«እኔ ደግሞ በእጄ!» አለችና መዳፏን ዘርግታ አሳየችው። ገመዱ ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ መዳፏ ጫፍ ልጦታል። «የቀኝ ክንዷ ገመድ እኔ ጋ ነበር። አሁን ኮሚቴው ጠርቶን ነው የመጣሁት። ምስሉን አዩት፤ ቀኝ ነው። አለቃቸው ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ምስሉ ቀኝ ይላል፤ ሕዝቡ ግን ግራ ብሏል፤ እኛ ከሕዝብ ጋር አንጣላም።› በውድድሩ መዝጊያ ላይ አትወጣም። ያን ሁሉ የሰፋነውን ሊፈቱት ነው።»

ተቀመጠች። ጫማዋን አላወለቀችም።

«ሌላው ሰው ግራ ይበል፤ እሱ ይቅር። አንተም ግራ ትላለህ?»

ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ሥራ ገባ፤ ቀኑን ሙሉ ግን ልቡ አልተረጋጋም። ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ፀጉሬን በዚህ በኩል ክፈልልኝ» ብሎ መስታወቱን ጠቆመው። ፀጉር አስተካካዩ እንደ ልማዱ «በዚህ በኩል ማለትህ የመስታወቱን ነው የራስህን?» ሲል ጠየቀ። በቀን ስንት ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። አሁን ግን ጠይቆ ሳያበቃ ማበጠሪያው አየር ላይ ቀረ።

ቴሌቪዥኑ ትልቋን እናት በድጋሚ እያሳየ ነበር። መስታወቱን አየ፤ ግራ። ዞሮ ቴሌቪዥኑን አየ፤ ቀኝ። ወደ መስታወቱ ተመለሰ፤ ግራ። የከተማው ቁጣ በሙሉ የወጣው ከዚህች ጠባብ ቤት፣ ራሱ በየጠዋቱ በጋዜጣ ከሚወለውለው መስታወት ነው።

ያን ዕለት ማታ ለባለቤቱ ነገራት። በመጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ሳቋን ዋጠችው።

«ነገ ንገራቸው።»

«እሳቸው እኮ ቃላቸውን መልሰው አያውቁም! ደግሞ በዚያ ዕድሜ ሰው ፊት ማሳፈር...»

«አንተ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ። እኔ ደግሞ ስናገር ታውቀኛለህ።»

ያውቃታል። በማግስቱ ሌላ ሰው ሳይመጣ ክቡርነታቸውን አስቀምጦ ሳሙናውን ቀባቸው። ባለቤቱ አግዳሚው ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። የመክፈቻው ድጋሚ ሲጀምር ምላጩን አስቀመጠና መነጽራቸውን አንሥቶ በአረፋው ላይ አደረገላቸው፤ ወንበሩንም ቀስ አድርጎ ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረው።

«ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?»

«ትንሽ ይታገሡኝ ጋሼ። እጇን ይዩልኝ።»

አዩ። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። «አስተካክለውት ነው» አሉ።

ወደ መስታወቱ አዞራቸው። «አሁንስ?»

«ይኸው ግራ!»

ወደ ቴሌቪዥኑ አዞራቸው። አሁን ራሳቸው በእግራቸው መሬቱን እየገፉ ወዲያ ዞሩ፤ ወዲህ ዞሩ፤ እንደገና ወዲያ። ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ይሰማ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ እግዜር የፈለገውን ያድርግ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ገመዱን ማን ነበር የያዘው?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች ባለቤቱ።

«እስቲ እጅሽን።»

ሰጠቻቸው። የተላጠውን መዳፍ ወደ ብርሃኑ ዞር አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ድሮ ትኬት የሚያዩት እንደዚያ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው መለሱላትና ብድግ አሉ።

«እኔ በበኩሌ አልተዋጠልኝም!»

«አሁን ደግሞ ምኑ ጋሼ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«እኔ ነኛ! እኔ ራሴ አልተዋጥኩልኝም!»

ግማሽ ጢማቸው በአረፋ እንደተሸፈነ፣ ነጩ ጨርቅ አንገታቸው ላይ እንደታሰረ ወጥተው ሄዱ። ሻይ ቤት ገብተው «ቀኝ ነው!» አሉ። ታክሲ ተራው ሄደው «ቀኝ ነው!» አሉ።

«ጋሼ፣ በዓይናችን አይተን!» አለ ሹፌሩ። «ደግሞስ ግራ ነው ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ስልህ ለምን አመንከኝ? መቼ አምነኸኝ ታውቃለህ?»

ሰፈሩ በሙሉ ተነሣባቸው። ሰው ሁሉ በተቃራኒያቸው ሲቆም እሳቸው እንደ ጎረምሳ ነው የሚቀላቸው። ሹፌሩን ክንዱን ይዘው ፀጉር ቤት አመጡት፤ ወንበሩ ላይ አስቀምጠው አሽከረከሩት። ባለ ሱቁን አሽከረከሩት። ፋርማሲስቷን ከነጋዋኗ አሽከረከሯት። ከሌላ ሰፈር ሰምቶ የመጣ ሰው በር ላይ ተሰለፈ። ፀጉር አስተካካዩ ሥራ ፈትቶ ቪዲዮውን ከስልኩ ወደ ቴሌቪዥኑ እየለቀቀ ሲደጋግም ዋለ፤ አንድም ራስ አልላጨም። የዞረበት ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ከወጣ በኋላ ለሌላው ማውራት ነው። የወሬው መንገድ ያው የድሮው ነበርና ቶሎ ደረሰ።

በመጨረሻም ክቡርነታቸው የተሽከረከረውን ሕዝብ አስከትለው የኮሚቴው በር ላይ ቆሙ። ዘበኛው «ግራ ነው ብለው የተቃወሙት እርስዎ አይደሉም እንዴ ጋሼ? አቤቱታዎ እኮ ተቀባይነት አግኝቷል» አላቸው።

«እሱኑ ልቃወም ነው የመጣሁት!»

የኮሚቴው አለቃ በመስኮት ወደ ታች አየ። ሕዝቡ አሁን ቀኝ እያለ ነው። እሱ ደግሞ ከሕዝብ ጋር አይጣላም።

በመዝጊያው ምሽት ፀጉር ቤቱ እንደገና ጢም አለ። ክቡርነታቸው ከነአረፋቸው በወንበራቸው ላይ፣ መነጽራቸው መደርደሪያው ላይ ነው። ትልቋ እናት ስትወጣ ፀጉር አስተካካዩ ከሥሯ ከሚርመሰመሱት መካከል አንዷን ፈለገ፤ ከዚያ ርቀት ማንንም መለየት አይቻልም፤ እሱ ግን «ያቻት!» አለ።

«ላዙርዎ ጋሼ?»

«አልዞርም! ሰው ሁሉ በቀጥታ እያየ እኔም በቀጥታ? ደግሞ መጥረጊያው አሁንም አልተዋጠልኝም። ይመዝገብልኝ።»

ተመዝግቧል አለ ፀጉር አስተካካዩ በልቡ። እሳቸው የማይመጡበትን ቤት፣ ያለ እሳቸው የሚውለውን ወንበር አስቦ ጭር አለበት።

ሜዳው ላይ እናትየዋ እጇን ከፍ አድርጋ ለሚሄዱት እንግዶች ታወዛውዝ ጀመር። ነጩ ጨርቅ ተንቀሳቀሰ። ከሥሩ የሽማግሌው ቀኝ እጅ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ከፍ አለ፤ እሱም ተወዛወዘ። መስታወቱ ውስጥ ሁለቱም ግራኝ ነበሩ።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንሥቶ፣ እጃቸው እስኪወርድ ጠበቀ።