የታጠበው ቀበሮ

ካርቱን ፊልም ስታዩ አንድ ነገር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ቀበሮው ከገደል ይወድቃል፣ እንደ ቂጣ ይጠፈጠፋል፣ ከዚያ ተነሥቶ አቧራውን አራግፎ ይሮጣል፤ እኛም እንስቃለን። እኔም እስቃለሁ። ልጅ ታቅፌ ደጋግሜ ሳየው ግን እያደር ይከነክነኝ ጀመር። የሣሉት እጆች አፈር ሆነዋል፤ መጀመሪያ አይተው የተንከተከቱትም አፈር ሆነዋል፤ ቀበሮው ግን ዛሬም ከዚያው ገደል ሊወድቅ ይሮጣል። ሞት የረሳው ነገር ያስቃል ወይስ ያስፈራል? እናንተ ፍረዱ።

ይህን ሐሳብ ያመጣብኝ ጎረቤቴ ነው። እዚህ ኖርዌይ፣ ሮምሶስ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኛ በር ፊት ለፊት፣ አርነ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልም ሲያሳዩ የኖሩ። እዚህ አገር ሽማግሌውንም ሕፃኑንም በስሙ ብቻ መጥራት ነው ደንቡ። እኔ አልቻልኩበትም፤ «ጋሼ አርነ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም «ጋሼ»ን እንደ ሁለተኛ ስም ተቀብለውታል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሮጌ ማሽናቸውን ግድግዳ ላይ ያበሩና የአንድ የጥንት የአሜሪካ ፊልም ድርጅት አጫጭር ካርቱኖችን ለልጄ ለሃናን ያሳዩዋታል።

ሃናን አራት ዓመቷ ነው፤ አትናገርም ነበር። ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ ጫማሽን አምጪ ሲሏት ታመጣለች፤ ቃል ግን የለም። ከምትውልበት መዋዕለ ሕፃናት፣ እዚህ ባርነሃገ ከሚሉት፣ በትሕትና የተጻፈ ወረቀት ይመጣ ጀምሯል፣ ስፔሻሊስት ይያት የሚል፤ ትሕትናው በጨመረ ቁጥር እኔ ደጋግሜ አነበዋለሁ። አልናብሩ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ የሚሠራው ባለቤቴ ሰዒድ «ተያት፣ ለሠርጓ እየቆጠበች ነው» ይለኛል። ሰግዶ ሲያበቃ ግን ዱዓው ለማን እንደሚረዝም አውቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ አርነ ከመሳቢያቸው የመስኮት መስተዋት የመሰለ ስስ ፕላስቲክ አወጡ። አፉን የከፈተ ቀበሮ ተሥሎበታል። እንዲህ ያሉ ሥዕሎች አንድ በአንድ ፎቶ እየተነሡ ነው አሉ ፊልሙ የሚሠራው። ቀለሙን የሚቀቡት ደግሞ ሴቶች ነበሩ፤ አንድ አዳራሽ ውስጥ በረድፍ ተቀምጠው፣ ስማቸው ፊልሙ ላይ የማይወጣ። ሰው ለጥቂት ደቂቃ እንዲስቅ እነሱ ለወራት ያጎነብሳሉ።

«ከዚያስ ሥዕሎቹ የት ገቡ?» አልኩ።

«ይታጠባሉ። ፎቶው ካለቀ በኋላ ያጥቡትና እላዩ ላይ ሌላ ይሥሉበታል። ይቺ እንዳጋጣሚ የተረፈች ናት። ኋላ ሲኒማ ቤቶቹ አጫጭሩን ፊልም አንፈልግም ሲሉ አዳራሹም ተዘጋ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትጠይቁ ነበር? እኔ ወሎ ቁርአን ቤት የተማርኩ ነኝ፤ አፌ ያመጣልኝን ጠየቅኩ።

«እጣቢውንስ ማን ጠጣው?»

ጋሼ አርነ ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር። እኛ ዘንድ ትምህርቱ በእንጨት ሉህ ላይ በጥላሸት ቀለም ይጻፋል። ከቻልነው በኋላ ሉሁን እናጥበዋለን፤ እጣቢው ሜዳ አይደፋም፣ እንጠጣዋለን፤ ቃሉ ከእንጨቱ ወደ ሆድ እንዲገባ። አንደበቱ ለተሳሰረ ልጅማ ሸኹ ራሳቸው ጽፈው፣ አጥበው ያጠጡታል። ይህን በተሰባበረ ኖርዌይኛዬ አስረዳኋቸው። ሃናን ጭኔ ላይ ነበረች።

«ልጆቹስ ከዚያ በኋላ?» አሉ።

«ተናገሩ» አልኳቸው።

«የእነዚህን እጣቢ የጠጣው የፍሳሽ ቱቦ ነው» አሉ። አሁን አይስቁም። ሃናን ፕላስቲኩን አልለቅ ስላለች ሳምንት ይዛው ትቆይ ብለው አዋሷት።

ማክሰኞ ቀን ልብስ ሳጣጥፍ ቤቱ ጸጥ አለ። የማትናገር ልጅ ያለችበት ቤት መቼ ጸጥ ያላለ ነው አትበሉኝ፤ ልዩነት አለው። መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ሃናን መሬት ላይ ተቀምጣለች። ፕላስቲኩ ታጥቦ ጥርት ብሏል። የጥርስ ብሩሽ ማስቀመጫው ኩባያ ውስጥ ግራጫ ውሃ አለ፤ ከንፈሯ ቡናማ ሆኗል። ቀበሮው የለም።

ሰው መርዝ ሲጠጣ የሚደወልበትን ስልክ እንዴት እንደደወልኩ አላውቅም። ያነሣችው ሴት ምን ዓይነት ቀለም ነው አለችኝ። ልጄን በአንድ እጄ፣ ፕላስቲኩን በሌላው ይዤ፣ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል አጣብቄ የጋሼ አርነን በር በእግሬ መታሁ። «በውሃ የሚበጠበጥ ነው፣ መርዝነት የለውም» አሉ፤ ሴትዮዋም አፏን እጠቢያትና እያየሻት ቆዪ አለች። ያን ሁሉ ዘመን አምልጦ የኖረውን ቀበሮ የእኔ ልጅ አጠበችው። ጋሼ አርነ ግን አልተቆጡም። ባዶውን ፕላስቲክ ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት።

ባዶ አልነበረም። ከቀበሮው በፊት የተሣለበት ነገር ቀለሙ ድሮ ታጥቦ ሄዷል፤ የብዕሩ ጫፍ የቧጠጠው መስመር ግን ቀርቷል። ክብ ፊት። ወደ እኛ የሚያዩ ሁለት ዓይኖች። ከንፈር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ጣት።

ሃናን እጇን ዘረጋች።

«እማ፣ ዝም በይ ያለኝ እሱ ነው።»

በጠራ አማርኛ ነው ያለችው። ፕላስቲኩ ቤታችን የገባው ቅዳሜ ነው፤ ልጄ ዝም ያለችው አራት ዓመት ነው። ሒሳቡ ለእኔ አልገጠመልኝም፤ እናንተ ሞክሩት።

ከዚያ ወዲህ ሃናን አፏን ዘግታ አታውቅም። ሰዒድ አገር ቤት ደውሎ በግ አሳርዶ ሰደቃ አወጣ። ከባርነሃገው አሁን የሚመጣው ወረቀት ሌሎቹ ልጆችም እንዲናገሩ ተራ ትስጣቸው የሚል ነው። ጋሼ አርነ ፕላስቲኩን መልሰው አልወሰዱም፤ እኔም መጣል አልደፈርኩም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ለካ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ጀርባ የለውም።

ስፔሻሊስቷ አንዳንድ ልጅ ይዘገያል፣ ጊዜዋ ደርሶ ነው አለች። ይሁን። እኔን የሚያሳስበኝ ጣቱ ነው፤ አሁን ለማን እንደሆነ። ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ ለመናገር አፌን ስከፍት ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቆምና ተመልሶ ይወርዳል። ሰዒድ አላወቀም፣ ጋሼ አርነም አላወቁም። ድሮም ዝምተኛ ስለሆንኩ ልዩነቱን ያየ የለም።

ስለዚህ ጻፍኩላችሁ።