ትራስ ስር ያደረችው ስፖኪዮ

ትናንት ማታ የቮልሴን የግራ ስፖኪዮ ፈትቼ ትራሴ ስር አደረግኩና ተኛሁ። ከዚያ በኋላ በሕልሜ ላየሁት ሁሉ ጥፋተኛዋ እሷ ናት ብዬ ነው የማምነው።

ፈትቼ የማሳድራት ወድጄ አይደለም። የበሩ ማጠፊያ ላይ የምትገባበት ጥርስ ተበልቷል። ባጠብቃት አትጠብቅም። ሮንዴላ አስገባሁ፣ ላስቲክ ጠመጠምኩ፣ ሽኩር መካኒኩ ደግሞ በሽቦ አሰራት። ምንም ለውጥ የለም። ከግቢዬ በር ፊት ለፊት አንድ ጉድጓድ አለ፤ ጎማዬ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገባ ባለ ቁጥር ስፖኪዮዋ ፊቷን ታዞራለች። ለሌባ ደግሞ ካቻቢቴ እንኳን አያስፈልገውም፣ እጁን መዘርጋት ይበቃዋል። ስለዚህ መስታወቷ ጥግ ላይ ታርጋ ቁጥሬን አስቀረጽኩባት፤ ማታ ማታ ደግሞ ይዣት እገባለሁ።

ፊቷን ስታዞር ታዲያ ሁልጊዜ ወደ ዘርይሁን ግቢ ነው። ዘርይሁን ጎረቤቴ ነው። እሱም ቮልስ አለው። የሱ ሰማያዊ ናት፣ የኔ ክሬም፤ ሞዴላቸው አንድ ነው። የሱ ስፖኪዮ አትነቃነቅም። ይህንን ያወቅኩት በአጠገቧ ባለፍኩ ቁጥር ስለምነቀንቃት ነው እንጂ ቀናተኛ ሆኜ አይደለም።

የእህቴ ልጅ ሳምራዊት ዛሬ ነው ሰርጓ። ሙሽራ ከሆንኩ አይቀር በቮልስ ነው የምሄደው ብላ ድርቅ አለች። እኔንም ዘርይሁንንም ተራ በተራ አየችንና፣ "ጋሼ፣ እንዳትጣሉብኝ። ሚዜዎቹ ጠዋት ይምጡና ተዘጋጅታ ያገኟትን ይውሰዱ" አለች። አጎቷ እኔ ነኝ። ዘርይሁን አጎቷ አይደለም። ይህንን እያሰብኩ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

በሕልሜ ራሴን ግቢ ውስጥ ቆሜ አገኘሁት። ሸራ አልብሰውኛል። ቮልሴ ከመኝታ ቤት እያዛጋች ወጣችና ሸራውን ገፈፈችልኝ።

"ተነስ፣ ሰርግ አለብን" አለችኝ።

አፍንጫዬን ተጫነችው። ሳልኩ። እንደገና ተጫነችው። ደጋግሜ ሳልኩና በስንት መከራ ተነሳሁ።

"ብርዱ ነው" አልኳት።

"ሁልጊዜ ብርዱ ነው" አለች።

ጀርባዬ ላይ ወጣችና መንገድ ጀመርን። አስፋልቱ ላይ ሰው ሁሉ መኪናውን አዝሎ ይሄዳል። አንዲት ቀጭን ሴትዮ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና በአንቀልባ አዝላ ቂጡን መታ መታ እያደረገች ታስተኛዋለች። አንድ ትራፊክ ፖሊስ እየሮጠ መጣና ፊሽካውን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ጌታዬ፣ እባክዎ ይንፉብኝ። ከጠዋት ጀምሮ የሚያስቆመኝ ሰው አጣሁ።"

ነፋሁበት። ደስ አለውና ጥጉን ይዞ ቆመ። ልሄድ ስል፣

"አቶ ዘርይሁን ግን ረዘም አድርገው ነው የነፉብኝ" አለ።

ተመለስኩና ዓይኔ እስኪፈጥ ነፋሁበት።

ያኔ ነው ግራ ጆሮዬን የነካሁት። ጆሮ የለም። በጆሮዬ ቦታ ስፖኪዮዋ ተገጥማለች። በረገጥኩ ቁጥር ትንቀጠቀጥና ፊቷን ታዞራለች።

"ወዴት ነው የምታዪው?" አልኳት።

"ወደ ኋላ። ሥራዬ ነው።"

"ኋላ ማን አለ?"

"ዘርይሁን።"

"ፊት ለፊት እኮ እኔ አለሁ!"

"አንተንማ አውቅሃለሁ" አለች።

ትንሽ እንደሄድን ሌባ አገኘን። መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፣ ትልቅ ካርቶን ተሸክሟል።

"ጌታዬ፣ ከሌቦች ማኅበር ነው የመጣሁት። ለየመኪናው አዲስ ስፖኪዮ እያደልን ነው" አለኝ በትሕትና።

ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ካርቶኑን ገልብጦ አሳየኝ። ባዶ ነው።

"ይቅርታ፣ አሁን አለቀ። የመጨረሻዋን ሰማያዊ ቮልስ ላዘሉት ሰውዬ ገጠምንላቸው።"

"ፖሊስ ነው የምጠራው!" አልኩ።

"ይጥሩ። እሱም ስላልደረሰው ተናዷል።"

ከፊታችን ገበያ ቆሞ ነበር። በጎች ናቸው ገዢዎቹ። ሰዎች በገመድ ታስረው ተደርድረዋል፣ በጎቹ እየዞሩ ይመርጣሉ። አንድ ጥቁር ሙክት ኩታውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደኔ መጣ። ወገቤን ዳበሰ፣ ጥርሴን ገልጦ አየ።

"ለዓመት በዓል አይሆንም። አጥንት ነው" አለና አለፈኝ።

ከኋላዬ ዘርይሁን ነበር። ሙክቱ ወገቡን ጨበጥ ሲያደርግ ፊቱ በራ።

"ሰው ማለት እንዲህ ነው!" ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም በጎች መጥተው ጨበጥ ጨበጥ አደረጉት። ዘርይሁን እንደሚታረድ አላጣሁትም። ቢሆንም ቀናሁ።

"እስቲ እኔን እንደገና ይዩኝ" አልኩት ሙክቱን ተከትዬ። "ቅድም ትንፋሼን አስገብቼ ነው።"

"አየሁህ እኮ ወንድሜ" አለ፣ ዞር ብሎም ሳያይ።

እንደምንም ሽኩር ጋራዥ ደረስን። መካኒኮቹ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፈዋል። አንዱ ጉልበቱን፣ አንዱ መንጋጋውን፣ ሌላው ክርኑን ይዞ ያቃስታል። ውስጥ ደንበኞች ቱታ ለብሰው፣ ሻይ እየጠጡ፣ "ዛሬ አይደርስም፣ ነገ ተመለስ" ይሏቸዋል። ሽኩርን ሰልፉ መሀል አየሁት። እኔን ሲያይ ሊያለቅስ ደረሰ።

"አስናቀ፣ በአላህ ይዤሃለሁ! ትከሻዬ ላልቷል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጠበቅ አድርግልኝ።"

"ምን ጠበቅ አድርግልኝ ትለኛለህ፤ እኔ ራሴ ይችን ይዤ መጥቼ!"

ስፖኪዮዋን ጠጋ ብሎ አያት። ልመናውን ተወና እንደ ድሮው ሽኩር ሆነ።

"ወደየት ነው ያዞርካት?"

"ወደ ማጥበቂያው ነዋ።"

"ተሳስተሃል። አሁን የሚጠብቀው የተለቀቀ ነው። ዘርይሁን የራሱን ነክቷት ያውቃል?"

"አያውቅም። እኔ ነኝ የምነካት።"

"አየህ? ልቀቃት።"

"አልለቅም።"

"እንግዲህ አንገትህ ይበላሻል" አለና ወደ ሰልፉ ተመለሰ።

በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኳት። እሷ ሙሉ ለሙሉ ዞራ ኋላዬን አየች። አንገቴም አብሮ ዞረ። ከዚያ የማስታውሰው የኋሊት እየሄድኩ ሰርግ ቤት መግባቴን ነው።

ሰርግ ቤቱ ሌላ ጉድ ነው። የሙሽሪት ጓደኞች በር ዘግተው ሰርገኛ አናስገባም ማለት ነበረባቸው። እነሱ ግን ሚዜዎቹን በክራባት እየጎተቱ ያስገባሉ። ሙሽራው የስልክ እንጨት አቅፎ፣ "አልገባም! እናቴን ጥሩልኝ!" እያለ ይጮኻል። ሳምራዊት ቬሎዋን ለብሳ ሁለት ክንዷን ዘርግታ ቆማለች። አንዷን ቮልስ አቅፋ ልትሄድ ነው።

"የማንን ነው የምታቅፊው?" አልኳት።

"ጋሼ፣ እንዳትጣሉብኝ" አለች።

ያ ጥቁር ሙክት ፕላስቲክ ወንበር ላይ በሽማግሌ ወግ ተቀምጧል። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ስፖኪዮ ያለው ወደ ፊት ይምጣ።"

ዘርይሁን ራመድ አለ። ፊቱን ሲያዞር ግራ ጆሮው ያለበት ቦታ ባዶ ነው። ሌባው መልሶ ወስዶበት ይሁን፣ ወድቆበት ይሁን አልጠየቅኩም። ያኔ የተሰማኝን ደስታ ለንስሐ አባቴም አልናገረውም። የዘርይሁን ዓይን እንባ አቀረረ። እኔ እንባውን በደንብ ለማየት ጠጋ አልኩ።

"አንተስ?" አለኝ ሙክቱ። "አለችህ?"

"አለችኝ!"

"እስቲ አምጣት።"

ለመጀመሪያ ጊዜ መላላቷ ጠቀመኝ። በሁለት ጣቴ ሳብ ሳደርጋት ወለቀች። ሰርገኛው ሁሉ እንዲያያት ከፍ አደረግኳትና ሰጠሁት። ሙክቱ እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ። እጁ ይሞቃል። ጣቱ ላይ የጋብቻ ቀለበት አለ። ሙክት ቀለበት ማድረጉ ምንም አልገረመኝም።

"ተባረክ" አለ በሴት ድምፅ።

ነቃሁ።

ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች። ውጭ ክላክስ ይነፋል፣ እልልታም አለ። እጄን ትራሴ ስር ሰደድኩ። ምንም የለም። ትራሱን አነሳሁ። አንሶላውን ገለጥኩ።

"እቴነሽ! ስፖኪዮዬስ?"

እቴነሽ ባለቤቴ ናት። ለሰርጉ ለብሳ ጨርሳ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር።

"ለዘርይሁን ሰጠኸው አይደል እንዴ?"

"ማን? እኔ?"

"የሱን ሌሊት ነቅለው ወስደውበት በጠዋት እንባው እየፈሰሰ መጣ። ሚዜዎቹም አብረውት ናቸው። መኪናው ታጥባ፣ አበባ ተደርጎላት፣ ስፖኪዮ ብቻ ጎደላት። ያንተን ትናንት እጠባት ብልህ ስፖኪዮ ስታጠብቅ ዋልክ። እስቲ ልጠይቀው ብዬ ገባሁ። ዓይንህን እንኳ ሳትገልጥ ከትራስህ ስር አወጣህና እጄ ላይ አስቀመጥክልኝ። ፈገግ ብለህ እኮ ነው! ተባረክ አልኩህ፣ መልሰህ ተኛህ።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"ዘርይሁን ምን አለ?"

"እንዲህ ያለ ጎረቤት ማን አለው ብሎ ሚዜዎቹ ፊት ተንሰቀሰቀ። በል ልበስ፣ ሚኒባሱ ጥሎን ይሄዳል።"

"የምን ሚኒባስ? መኪና አለን አይደለም እንዴ?"

"ያለ ስፖኪዮ? ትራፊክ እንዲይዘን ነው?"

በካልሲ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ሰማያዊዋ ቮልስ ሚዜዎቹን ጭና፣ አበባዋ እየተርገበገበ ከዘርይሁን ግቢ ወጣች። ስፖኪዮዬ በግራ በኩል ተገጥማለች። ጥጓ ላይ ያስቀረጽኩት ታርጋ ቁጥሬ እዚህ ድረስ ያበራል። ዘርይሁን አየኝና እጁን አውለበለበልኝ። እኔ እሱን አላየሁም። እኔ የማየው ጉድጓዱን ነው፤ በሬ ፊት ያለውን።

ትንፋሼን ያዝኩ። የፊት ጎማው ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ቮልሷ ተናጠች፣ ሚዜዎቹ ጣራውን በጭንቅላታቸው መቱት፣ አንድ አበባ ወደቀ። ጎማው ወጣ።

ስፖኪዮዋ ንቅንቅ አላለችም።