ጓድ ሸኩር እና ያልሳቀችው ለቃሚ

በዚህ አገር ሥዕል ያየ ሰው ሁሉ አራሚ ነው። የአራሚዎች ሁሉ አውራ ግን የከተማችን የባህል ጉዳይ ኃላፊ፣ ክቡር ጓድ ሸኩር አባቦራ ነበሩ።

ያኔ ጅማ ውስጥ እንጨት በመሮ እየቀረጽኩ፣ ቀለም ቀብቼ ወረቀት ላይ እያተምኩ ለቡና ለቀማ ዘመቻ ፖስተር እሠራ ነበር። ኅዳር ላይ ወደ አጋሮ መንገድ ስወጣ የማየው ጉም፣ የረጠበ ቅጠልና የጎበጠ ወገብ ነው፤ የምቀርጸውም ይኸንኑ። ጓድ ሸኩር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያዩና፣ «ሐዘን በዛበት። ፈገግታ ጨምርበት» ይላሉ። አንዴ የተፋቀ እንጨት ተመልሶ እንደማይሞላ ባስረዳቸው፣ አብዮቱ የማይሞላው ጉድጓድ የለም አሉኝ። አዲስ ሳንቃ ፍለጋ ወጣሁ።

ጉሙን አስጠፍተው ሥዕሉ ላይ ፀሐይ አስወጡኝ፤ የለቃሚዎቹን ወገብ አቃኑ። አንድ ዓመት ቡና ለጫነችው በቅሎ ሳይቀር ፈገግታ አዘዙላት። ፖስተሩ ጊንጆ ሰፈር ሲለጠፍ ሰዉ ስለ እብድ ውሻ የወጣ ማስጠንቀቂያ መስሎት ልጆቹን ቤት አስገባ።

በአብዮት በዓል ዐውደ ርእይ ግን ጊዜ አጠረንና አንድ ሥራዬ ሳይታረም ተሰቀለ፦ ጉም ውስጥ ብቻዋን ቡና የምትለቅም ሴት። ከበላይ አካል የመጡት የክብር እንግዳ ሥዕሏ ፊት ቆሙ።

«ነጻ የወጣች ገበሬ ለምን ታዝናለች? ማነው የሠራው?»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ያስወስዳል። ጓድ ሸኩር ከኋላዬ ወጥተው እኔን ከልለው ቆሙ።

«ያጸደቅኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አላዘነችም፤ ሥራ ላይ ነች። እናቴ ቡና ለቅማ ነው ያሳደገችኝ፤ ወላሂ፣ ስትለቅም ስቃ አታውቅም።»

እንግዳው ከሥዕሉ ይልቅ ከአብዮት ኃላፊ አፍ የወጣችው «ወላሂ» የምትለዋ የሃይማኖት መሐላ የከነከነቻቸው ይመስለኛል። ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፉ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ጓድ ሸኩር ግን ሳምንት ሳይሞላ ከኃላፊነት ተነሥተው ራቅ ወዳለችው ገራ ወረዳ ተዛወሩ።

ዕቃቸውን መኪና ላይ ጭኜ፣ ሥራዬን ትቼ እስከ አጋሮ ሸኘኋቸው። መንገዱን ሁሉ ስለ ሥዕል አንድ ቃል አልወጣቸውም። ስንለያይ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ ከእንግዲህ ኃላፊ ስላልሆኑ «ጓድ»ን ትቼ በስማቸው ብቻ እንድጠራቸው ነገሩኝ።

አንደበቴ እምቢ አለኝ።

«ደኅና ይግቡ፣ ጋሼ» አልኳቸው።