ለነፍስ የሚዋጥ ኪኒን

በየሕንጻው፣ ያለ መድኃኒት ከረጢታቸው ከቤት የማይወጡ አንድ ባልቴት አሉ። የሌሉበት ሕንጻ ካለ ገና ተሠርቶ አላለቀም ማለት ነው። እስክንድርያ ላለው ለእኛ ሕንጻ የደረሱት ክብርት ሐጃ ኢንሺራህ ናቸው።

በሰፈራችን ሰው ሲሞት የተረፈ መድኃኒቱ አይጣልም፤ ለነፍሱ ምጽዋት ተብሎ ለጎረቤት ይታደላል። ሌላው ሰው "አላህ ይማረው" ብሎ ይቀበልና መሳቢያ ውስጥ ይረሳዋል። ሐጃ ግን ይውጡታል።

"ካልተዋጠማ ምኑን ምጽዋት ሆነ?"

በባላቸው ኪኒን ጀመሩ፤ ቀጥሎ የአስተማሪው የሪፍዓት የደም ግፊት፣ ከዚያ የልብስ ሰፊዋ የእንቅልፍ። ጠዋት ጠዋት እፍኝ ሙሉ በሻይ ያወራርዳሉ። በዚያ ላይ ሦስት ሐኪሞች አሏቸው፤ አንዱ ስለ ሌላው አያውቅም። ለምን እንደማይናገሩ ብጠይቃቸው፣ "ሌላ ቤት በልቼ መጣሁ ብዬ ባለቤቱን ላስቀይም?" አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ ወደቁ። ደግፌ ጤና ጣቢያ አደረስኳቸው። ዶክተር ናርዲን ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋ ስማቸውን አንድ በአንድ አነበበች።

"ሐጃ፣ እነዚህ ስማቸው ይለያይ እንጂ አብዛኞቹ ግፊት የሚያወርዱ ናቸው። በዚህ ከቀጠሉ አንድ ቀን ወድቀው አይነሱም።"

"ጎረቤቶቼን ልክዳቸው ታዲያ?"

ሁለት ዓይነት ብቻ ለይታ ሌላውን እንዲጥሉ አዘዘች። ሐጃም "እሺ" ብለው ከረጢታቸውን አቅፈው ተመለሱ። እሺታቸውን አውቀዋለሁ። በማግስቱ ገርጥተው፣ ግድግዳ ይዘው ሲሄዱ አገኘኋቸውና ቤታቸው አስገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፈራሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ "በላህ ወይ?" የሚለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

"እሺ፣ መዋጡን ይቀጥሉ" አልኳቸው። "ሲሞቱ ግን ከረጢቱ ለእኔ ነው።"

"ለአንተ ካልሆነ ለማን ሊሆን!"

"ለነፍስዎ ብዬ ሁሉንም እውጠዋለሁ። አንዲት አላስቀርም።"

"አንተ እብድ! በዚያ በታመመ ኩላሊትህ?"

ትክ ብለው አዩኝ። መቀለዴ አለመሆኑ ሲገባቸው ከረጢቱን ጭኔ ላይ ወረወሩት።

"ውሰድና ጣለው! አንዷን ቀምሰህ ብትገኝ ግን ውርድ ከራሴ!"

ዶክተሯ የለየቻቸውን ሁለቱን አስቀርቼላቸው ልወጣ ስል እጅጌዬን ያዙኝ።

"የእሱን ብቻ ተውልኝ። አልውጠውም። ፋርማሲስቱ ስሙን ጽፎበታል።"

የባላቸውን ኪኒኖች አውጥቼ ባዶውን ካርቶን ሰጠኋቸው። ጽሑፉን በመሐረባቸው ጠርገው ትራሳቸው ሥር አኖሩት፤ እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።