ኤሲ ይዞ ሽምግልና

የጎንደር ሰው የሚፈራው ነገር ጥቂት ነው፤ ከጥቂቶቹ አንዱ ግን ነፋስ ነው። ካላመናችሁኝ በጠራራ ፀሐይ ወደ አዘዞ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብታችሁ መስኮት ከፈት አድርጉ። እስከዚያች ደቂቃ ስልካችን ላይ አቀርቅረን የነበርን ተሳፋሪዎች ባንድ አፍ «ዝጋው!» እንላችኋለን። ታፍነን ብንሞት የእግዜር ሥራ ነው፤ ነፋስ መትቶን ብንሞት ግን ጥፋቱ የራሳችን ነው። ታዲያ ይኸው ሕዝብ መኪና ሊገዛ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን መሰላችሁ? «ኤሲ አለው?»

እኔም ጠይቄ ነው የገዛሁት። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሰሌዳ ሙሉ የምሞነጫጭር ሰው ኤሲ የሌለው መኪና ብነዳ ተማሪ ምን ይለኛል? ጎንደር ውስጥ ግን አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም። ሚስቴ አትፈቅድም።

የኤሲው ቀን የመጣው ታናሽ ወንድሜ ቆላው ገንዳ ውሃ ከተማ የምትኖር ልጅ ወድዶ ሽማግሌ የምንልክ ጊዜ ነው። አባታችን ካረፉ ቆይተዋል፤ ስለዚህ የአባታችንን ጓደኛ አያ ታከለን ለመንን። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች እዚያው ቆላ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ስለሆኑ አያ ታከለን ማድረስ የኔ ድርሻ ሆነ። የልጅቱ እናት አንዱን ጠያቂ «ሲስቅ ደስ አላለኝም» ብለው የመለሱ ሴት ናቸው አሉ። ወንድሜ በጣም ፈርቷል። «አያ ታከለ በሙቀቱ ደክመው ቃል ቢጠፋቸው አለቀልኝ» አለኝ። «ኤሲ አለኝ» አልሁት፤ እንዴት ኮርቼ እንደተናገርሁት ብትሰሙኝ ትታዘቡኝ ነበር።

አያ ታከለ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ቆሏቸውን በጨርቅ ቋጥረው፣ ከፊት ከጎኔ ተቀመጡ። አይከልን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሙቀቱ ተቀበለን። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ኤሲ እንዴት እንደሚሠራ አጭር ትምህርት ሰጠሁና ቁልፉን ተጫንሁ። ቀዝቃዛ አየር ነፈሰ። አያ ታከለ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ «ሸጋ ነው» አሉ፤ ጋቢያቸውን ግን እስከ አገጫቸው ሳቡት።

ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ማራገቢያው ይጮኻል፣ አየር ግን የለም። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትሁ። ቺንጊያው ደህና ነው። ፊውዙ አልተቃጠለም። ኮምፕረሰሩ ይዞራል፤ ቱቦውን ብነካው ይቀዘቅዛል። ጥቂት ነድቼ እንደገና ወረድሁ፣ እንደገና ያንኑ አየሁ። መንገድ ላይ ባገኘናት ትንሽ ከተማ አንድ መካኒክ ኮፈኑ ሳይከፈት «ጋዝ አልቋል» አለኝ። ጋዝ ሞላ። ለውጥ የለም። «እንግዲያማ ኮምፕረሰሩ ነው» አለ፤ ጋዝ ካልሆነ ምንጊዜም ኮምፕረሰሩ ነው። መኪናዋን ከጎማዋ እስከ ጣሪያዋ መረመርኋት። ያላየሁት አያ ታከለ እግር ሥር ብቻ ነው፤ ሽማግሌን «እግርዎን ያንሡልኝ» የሚል ድፍረት ደግሞ ማን ሰጠኝ?

መስኮት እከፍታለሁ ብል «ምነው ልጄ፣ በላብህ ላይ ነፋስ!» ብለው ዘጉት። እንዲህ ታሽገን ገንዳ ውሃ ገባን።

የልጅቱ ቤት ስንደርስ አያ ታከለ አንዲት ጠብታ ላብ ሳይወጣቸው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ቆመው ልመናውን ጀመሩ። አንደበታቸው ማር ነበር። እኔ በር አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ሸሚዜ ከገላዬ ተጣብቋል፣ እጄ ግራሶ ነው፣ ላቤ ከአፍንጫዬ ጫፍ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። የልጅቱ አባት የሽማግሌዎቹን ቃል ይሰማሉ፤ እናትየዋ የኔን ጠብታ ይቆጥራሉ። በመጨረሻ አላስቻላቸውም።

«ይኸ ልጅ ምን ነክቶት ነው? ወንድሙም እንዲህ ያልበዋል?»

ዘራችን ሊመረመር ነው! ደነገጥሁ። «የለም እማማ» አልሁ፣ «ኮምፕረሰሩ ይዞራል፣ ቱቦውም ይቀዘቅዛል፣ ነገር ግን...»

«ያቃዠዋል!» አሉ እናትየዋ ወደ ባላቸው ዞረው።

ወንድሜ ታየኝ፤ ስልኩን ይዞ ጎንደር ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ወንድሜ። እንባዬ መጣ፤ ደግነቱ ከላቤ ጋር ማንም አልለየውም። ያኔ አያ ታከለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እመቤቴ፣ ልጁ ጤነኛ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ማኪናው ውስጥ እግሬ ሥር ነፋስ የሚስብ ቀዳዳ አለ፤ የጋቢየን ጫፍ ሳብ ሳብ ቢያደርግብኝ ቆሎየን በቋጠርሁበት ጨርቅ ወተፍሁት።»

ወደ እሳቸው ዞርሁ። «ምነው ታዲያ አያ ታከለ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስወርድ ስወጣ ሳይነግሩኝ?»

«አንተማ የተማርህ ሰው ነህ፤ ታገኘዋለህ ብየ ነዋ!»

ሁላችንም ወደ መኪናው ወጣን። አያ ታከለ ጎንበስ ብለው ጨርቁን መዘዙት፤ ቀዝቃዛው አየር ፏ አለ። የልጅቱ አባት ገብተው ተቀመጡና ለመውጣት አልቸኮሉም። እዚያው ሆነው «ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። እናትየዋ እጃቸውን አየሩ ላይ ዘርግተው ወዲያው ሰበሰቡ። «እኔም አልከለክልም፤ ሙሽራዪቱ የምትሄድበት ቀን ግን ያ ጨርቅ ቦታው ይመለስ!»

አያ ታከለ የሠርጉን ዝግጅት ሊመክሩ እዚያው ሰነበቱ። እኔ ብቻዬን ስመለስ ያን ሁሉ ስቃይ ልበቀል ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፈትሁ። ቆላውን በብርድ ጨረስሁት፤ አይከል ስደርስም አላጠፋሁም። በማግሥቱ አንገቴ አልዞር፣ ድምፄ አልወጣ አለ። እስከ ሠርጉ ድረስ ሳልሁ።

የሠርጉ ዕለት ሙሽራዪቱን ልወስድ እንደ ቆምሁ ሳል ጠፍንጎ ያዘኝ። እናትየዋ ፊታቸውን አጨፍግገው መጡ። «አሁን ደግሞ ምን ሆነ?» አሉ። አያ ታከለ ሊመልሱልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኋቸው።

«ነፋስ መትቶኝ ነው፣ እማማ» አልሁ፤ እኔ፣ የፊዚክሱ መምህር።

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉልኝ።